የአሸዋው ቆዳ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ቅንጣት ታህል የተጨመረበት ነገር ካለ ብዕር ይንጠፍ፣ ምላስ ይታሰር፣ የተጠጣ ውሃ ሁሉ ጉሮሮ ላይ ቆሞ አልወርድም ይበል። ከመንገድ የተለቀመ ወሬ አይደለም፤ ከባለታሪኩ ከራሱ አፍ ትኩስ ትኩሱን የተቀዳ ነው። "ባለታሪክማ የራሱን ጎን ያሳምራል" ለሚል ተጠራጣሪም መልስ አለ፤ ምስክር አለች። ያን ቀን የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ይዛ የቆመችው ልጅ ዛሬም በሕይወት አለች፣ ጤነኛ ናት፣ እንደ አባቷ ወሬ አታበዛም። የፈለገ እሷን ይጠይቅ።

እንግዲህ ሰውየው የውሃ መሐንዲስ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ "እጥፌ" ነው የሚሉት። የነካውን ሁሉ እጥፍ ያደርጋላ! ሌላው መሐንዲስ አንድ ገንዳ ይበቃል ባለበት እሱ ሁለት ያስቀምጣል። ሌላው ክንድ የሚያህል ቧንቧ ከሣለ እሱ ጭን የሚያህል ይሥላል። ወሬውም እንደዚያው ነው። ድመት ካየ ነብር ገጠመኝ ይላል፤ ጉንፋን ከያዘው ከመቃብር አፋፍ ተመለስኩ ይላል። ሚስቱ ለጎረቤቷ፣ "የባሌን ወሬ መጀመሪያ ለሁለት ክፈዪው፣ ከዚያ የተረፈውን በወንፊት ንፊው፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን እመኚ" ብላታለች ይባላል።

ይህ ነብር ገጠመኝ የሚል ሰው ግን ከልቡ የሚፈራው አንድ ነገር ነበረው። ውሃ።

ጎርፍ አይደለም፣ ባሕር አይደለም። በብርጭቆ ያለ፣ የሚጠጣ ውሃ። ተማሪ ሳለ መምህሩ ከአንድ ኩሬ ጠብታ ውሃ አንሥቶ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገለትና "እስቲ እየው" አለው። ጎንበስ ብሎ አየ። ጠብታዋ ውስጥ የገበያ ቀን ነበር፤ ጅራት ያለው፣ ፀጉር ያለው፣ የሚንፏቀቅ፣ የሚሽከረከር፣ አንዱ ሌላውን የሚውጥ። ደንግጦ ዓይኑን አነሣና ጠብታዋን በባዶ ዓይኑ አያት። እንደ ሕፃን እንባ የጠራች ነበረች። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት ልቡ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ የተቀመጠው። ጠላት ጥርሱን አግጦ ከመጣ ሰው ይሮጣል። ጠርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በብርጭቆ ሆኖ ከመጣስ ወዴት ይሮጣል?

ከዚያ ወዲህ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሳያይ ጠጥቶ አያውቅም። ማየቱ እንደማይጠቅመው ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ቢሆንም ያነሣል። ሰርግ ላይ ያነሣል፣ ለቅሶ ቤት ያነሣል፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊት ያነሣል። "ሚጢ" የሚላት አንዲት ልጁም አባቷን እያየች ይህንኑ ተማረች። ገና ጫማዋን ማሠር ሳትችል የሰጧትን ሁሉ ወደ መስኮቱ ታነሣለች።

"አባዬ፣ ይሄ አይታይም።"

"ወተት ነው የኔ እመቤት። ወተት ውስጡን አያሳይም፤ ጠጪው።"

"ውስጡን የሚደብቅ ነገር ለምን እጠጣለሁ?"

እጥፌ ይህችን መልስ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ አውርቷታል፤ አንዳንዴ በአምስት ዓመቷ የተናገረችው ሆና፣ አንዳንዴ ገና በደረት ስትድህ።

ታዲያ አንድ ዓመት ለትንሽ የገጠር መንደር የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ንድፍ እንዲያወጣ ታዘዘ። መንደሩ የሚስቱ ትውልድ ቦታ ነው፤ አማቱ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። መንደርተኛው የሚጠጣው ከወንዝ ነው። ወንዙ በመሐንዲሱ አነጋገር ማንኪያ ቢተክሉበት ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። ከላይ ከብት ይገባበታል፣ መሐል ላይ ልብስ ይታጠብበታል፣ ታች ላይ ይቀዳል። ዝናብ በገባ ቁጥር የልጆች ሆድ ይላላል፤ አንዳንዱ ክረምት ሲወጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም።

አማቱ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። አጠር ያሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ በንጽሕና ነገር ድርድር የማያውቁ ሴት። ግቢያቸው ውስጥ ቅጠል ከዛፍ ሲወድቅ ይቅርታ ጠይቆ ነው ይባላል። መሐንዲሱ ቦታውን ሊለካ የሄደ ቀን ከወንዙ ዳር አብረውት ቆሙ።

"አማቼ፣ እኔ ብዙ አልጠይቅህም" አሉት። "ልጆች ጠጥተው የማያለቅሱበት ውሃ ስጠኝ።"

"ምን ማለትዎ ነው እማማ! እኔ የምሠራልዎት ውሃ ሽማግሌ ያጎለምሳል፣ መላጣ ላይ ፀጉር ያበቅላል!"

"ፀጉሩ ይቅርብን። ልጆቹ ይደጉልኝ።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ከወንዙ አልተነሣም። ከሚስቱ በፊት የወለዷትን ሴት ልጅ አንድ ክረምት በዚህ ውሃ ጠንቅ ታማባቸው እንደቀበሯት መሐንዲሱ ያውቅ ነበር። በቤታቸው ስለዚያች ልጅ አይወራም፤ ግድግዳው ላይ ግን ምንም የማይንጠለጠልበት አንድ ትንሽ ሚስማር አለ፤ ጋቢም ኮትም ማንም ሰቅሎበት አያውቅም። እጥፌ ከወንዙ ዳር ቆሞ ያ ሚስማር ትዝ አለውና ጀርባው ቀዘቀዘ። ፈሪ ሰው ደግሞ ሲፈራ ሁለት ነገር ነው የሚያደርገው፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይፎክራል። እሱ ዝምታ አልተፈጠረለትም።

ከተማ ተመልሶ ንድፉን ሲያወጣ ቢሮው ጦር ሜዳ መሰለ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት በወረቀት ላይ፣ ማስመሪያው ከጆሮው ላይ፣ ላጲሱ ከሻይ ብርጭቆው ውስጥ። ውሃው ከወንዙ ሲመጣ መጀመሪያ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ያርፋል፤ ጭቃው ይሰክናል። ከዚያ በጠጠር መሐል ያልፋል። ከዚያ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ንጉሥ ወደሆነው፣ ደቃቅ አሸዋ ወደተሞላው ትልቅ ገንዳ ይገባና ከላይ ወደ ታች በዝግታ፣ ሽማግሌ ደረጃ እንደሚወርደው፣ ይንጠባጠባል። ከሥር ተጠራቅሞ ወደ ማጠራቀሚያው፣ ከማጠራቀሚያው ወደ መንደሩ ቦኖ።

ጎኑ የምትቀመጠው፣ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ የምትሰካው የሥራ ባልደረባው ንድፉን አገላብጣ አየችና ጣቷን ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈች።

"የክሎሪኗ ማደያ የት ሄደች?"

"የትም አልሄደች፤ አልተወለደችም።"

"አንተ ሰውዬ! በርና መስኮት ሳይቀር እጥፍ እያደረግህ መድኃኒቱ ላይ ስትደርስ ባዶ?"

"መንገዱ በዝናብ ይቆረጣል፤ ክሎሪን አይደርስላቸውም። ደግሞስ የመድኃኒት ሽታ የሌለው፣ ንጥር ያለ ውሃ ማጠጣት እየቻልኩ! አሸዋው ይበቃል።"

"አሸዋው አንድ ቀን የሰነፈ እንደሆነስ?"

"የእኔ አሸዋ አይሰንፍም።"

"እሺ፣ የአሸዋው ጌታ" አለችና እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ መልሳ ሰካች። "እኔ ብሆን ግን ዘበኛ ላይ ዘበኛ እጨምር ነበር።"

እጥፌ ሳቀባት። ቢሆንም ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ሳቁ ሳይሆን የእሷ ጥያቄ ነው አብሮት የሄደው።

እውነቱን ለመናገር አሸዋው ተአምረኛ ነው። ውሃ ለሳምንታት ሲያልፍበት አናቱ ላይ ቀጭን ሽፋን ያወጣል። መልኩ አረንጓዴም ቡናማም ነው፤ ሲነኩት ያሟልጫል፤ ሲያዩት ቆሻሻ እንጂ ሌላ አይመስልም። ሕይወት ግን ያለው እሱ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር የሚተራመሰውን ያን ሁሉ ጉድ የሚበላው፣ የሚይዘው፣ ውጦ የሚያስቀረው ያ ስስ ሽፋን ነው። መሐንዲሱ "የአሸዋው ቆዳ" ይለዋል። ቆዳው ከተነሣ አሸዋው አሸዋ ብቻ ነው፤ ውሃውን ያጠራዋል እንጂ አያድነውም። ጥሩ መስሎ ይወርዳል።

ይህን ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ማስረዳት የነበረበት አንድ ከሰዓት ነበረው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ጉልበት በማያስገቡ የልጆች ወንበሮች ላይ ተቀምጠው አፉን አፉን ያዩት ነበር። እሱ ግን መቼ ወደ ነገሩ ገባ! በረሃ ውስጥ ከድንጋይ ውሃ ያፈለቀበትን፣ የተናደ ግድብ በትከሻው ደግፎ ያደረበትን፣ አንድ አገር ከጥማት ያዳነበትን ሲያወራ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወረደች። በመጨረሻ አማቱ እጃቸውን አነሡ።

"አማቼ፣ ይኼ አሸዋ ግን ውሃውን እንዴት ነው የሚያጸዳው? እኛም እንወቀው።"

ፈገግ አለ። ሰው ሲደነቅ ደስ ይለዋል፤ የተገለጠ ነገር ደግሞ አይደነቅም። "እማማ፣ እሱን ለእኔ ተዉት" አለ። "የእናንተ ድርሻ ግቢውን በንጽሕና መያዝ ነው።"

"ንጽሕናውንማ ለእኔ ተወው" አሉ አማቱ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ሥራው አለቀ። ውሃው ተለቀቀና ለሳምንታት ወደ ቦኖው ሳይደርስ ወደ ሜዳ እየፈሰሰ አሸዋው ቆዳውን እስኪያወጣ ተጠበቀ። ቆዳው ወጣ። ናሙናው ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። እጥፌ ናሙናውን ብቻውን ቆሞ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈራ ጠጣ። ከዚያ ከተማ ወረደና ለኃላፊው፣ "ውሃዬን የመጀመሪያዋን ብርጭቆ የምትጠጣልኝ የገዛ ልጄ ናት!" ብሎ አወጀ። ኃላፊው ተነካ። ሚስቱ ብቻ፣ "ለምን እሷ? ራስህ አትጠጣውም?" አለችው። "አባት በልጁ ካልማለ በምን ይምላል?" ብሎ አፏን አስያዛት።

የምረቃው ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነጋ፤ ሌሊቱን ግን ከላይኛው አገር ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ሚጢ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከአያቷ ጋር ወደ ሜዳው ሄደች። እጥፌ ግን ከሰው በፊት ቆዳውን ሊያይ ብቻውን ወደ ማጣሪያው ወጣ፤ ከእንግዳ በፊት ልጁን ተደብቆ እንደሚስም አባት። ወንዙን ሲሻገር ዝቅ ብሎ አየው። እንደ ጡብ ቀልቶ፣ አረፋ ደፍቆ ይወርዳል።

የማጣሪያው ጠባቂ በሩ ላይ ነበር። ጥርሱ ከፊቱ ቀድሞ ነው የታየው።

"ኢንጂነር! ዛሬ ግቡና የሚያስደስትዎን ይዩ!"

"ምንድነው?"

"አልናገርም። ራስዎ ይዩ።"

ገባ። የአሸዋው ገንዳ ዳር ላይ ቆሞ ወደ ታች ተመለከተ።

አሸዋው ነጭ ነበር። ከላዩ በቆመው ውሃ ውስጥ እንደተፋቀ ጥርስ፣ እንደተበተነ ስኳር ያበራል። አንድ አረንጓዴ ነጥብ የለበትም።

"ማን?" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

"እማማ ናቸዋ! ከሴቶቹ ጋር ሆነው ትናንት ከጠዋት ጀምረው። እኔ ቫልቩን ዘግቼ ውሃውን አጎደልኩላቸው። እነሱ ያንን አረንጓዴ ጉድ በአካፋ ገፈፉት፣ አሸዋውን በባልዲ በባልዲ አጠቡት፣ መልሰው አነጠፉት። እማማ ምን አሉ መሰለዎ? 'የአማቼ እንግዶች መጥተው ይኼን ዝቃጭ ሊያዩ ነው? ልጄን ለቆሻሻ ሰው ዳርኩ ልባል ነው?' እጃቸው እስኪላጥ ነው የሠሩት። አያምርም?"

"ቫልቩን... መቼ ከፈትከው?"

"ወዲያው። ማጠራቀሚያው እኮ ጢም ብሏል! ቦኖውም እየሠራ ነው።"

እጥፌ የገንዳውን ጠርዝ ፈልጎ ያዘ። (እሱ እንደሚለው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ጠባቂው መሬት ተንቀጠቀጠ ብሎ ሊሮጥ ነበር።) ከሥር በኩል፣ ከመውጫው ቧንቧ፣ ውሃው ሲወርድ ይሰማል። ደስ የሚል ድምፅ ነበረው። በውስጡ የሚተራመሰው ታየው፤ ጅራት ያለው፣ ፀጉር ያለው። በደለል ገንዳው አልፎ፣ በጠጠሩ አልፎ፣ በታጠበው አሸዋ መሐል ማንም ሳይጠይቀው ሾልኮ፣ ጠርቶ፣ አምሮ፣ ወደ ሜዳው እየወረደ ነው። ዘበኛ ላይ ዘበኛ አልተጨመረም።

"ወንዙ አልፎበት የሚመጣው የላይኛው መንደር ደህና ነው?" ሲል ጠየቀ፣ መልሱን እየፈራ።

"ኧረ እነሱስ ሰሞኑን የሆድ በሽታ ገብቶባቸዋል። ሁለት ልጆች ጤና ጣቢያ ወስደዋል ሲሉ ሰማሁ።" ጠባቂው አሁን ገና ፊቱን አየውና ጥርሱን ሰበሰበ። "ምነው ኢንጂነር? ምን አጠፋን?"

"መውጫውን ዝጋ። አሁን! ሙሉ በሙሉ ዝጋው!"

"እሺ፣ ግን ታች ያለው ማጠራቀሚያ..."

የቀረውን አልሰማም። ከታች ከሜዳው በኩል ጭብጨባ መጣ። ብዙ ሰው፣ ደስ ያለው ሰው የሚያጨበጭበው ዓይነት። ንግግር አልቋል ማለት ነው፤ ወይም ተጀምሯል። ነጭ ቀሚስ ታየው። ሮጠ።

እንዲህ ያለ ሩጫ በምድር ላይ ተሮጦ አያውቅም። ቁልቁለቱ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ግን ከእግሩ ይሸሽ ነበር። ጫማው አንዱ ወለቀ፤ ሌላው አፍሮ ወለቀ። ፍየል ቀደመ፣ ንፋስ ቀደመ፣ የራሱን ጥላ ቀድሞ ጥላው ከኋላው ቆይ ቆይ እያለ ይከተለው ነበር። አፉ ደረቀ፤ ምላሱ እንደ ጫማ ሶል ሆነ። ሊጮህ ሞከረ፤ ከጉሮሮው የወጣው እንደ ዛገ ማጠፊያ ያለ ሲጢጥታ ነው። በያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ይታየዋል። አማቱ ግድግዳ ላይ ያለው ባዶ ሚስማር። ደግሞ የራሱ ሳሎን ግድግዳ። ደግሞ ሚጢ ወተቷን ወደ መስኮት አንሥታ፣ "ውስጡን የሚደብቅ ነገር ለምን እጠጣለሁ?" ስትል። ውሃ ውስጡን አይደብቅም ብሎ ያስተማራት እሱ ነው። ውስጡን የሚያሳይ ሁሉ ንጹሕ ነው ብላ እንዳደገች አሁን፣ እየሮጠ፣ ገባው።

አጥሩ ጋ ደረሰ። ከሽቦው ወዲያ ሰው ግጥም ብሏል። ኃላፊው ባርኔጣውን አድርጎ ጆግ ይዟል። አማቱ ከጎኑ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እጃቸው በትናንቱ ሥራ ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ እናት ያበራል። በመሐላቸው ነጭ ቀሚስ። ትንሽ እጅ። ብርጭቆ። እጥፌ አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

እና ዘለለ! አጥሩን እንደ ደፍ ነው የዘለለው። በአየር ላይ እንዳለ የኃላፊውን ባርኔጣ በተረከዙ ነካው፤ ባርኔጣው ዞሮ ዞሮ አንድ ሽማግሌ አናት ላይ ልክክ አለ። መድረኩ ላይ በአንድ እግሩ አረፈ። ብርጭቆው ከሚጢ ከንፈር አንዲት ፀጉር ያህል ሲቀረው ቀለበው፤ ጠብታ አልፈሰሰችም! ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረና እንደ ነጎድጓድ ባለ ድምፅ፣ "ማንም እንዳይጠጣ!" አለ። ከሩቅ ኮረብታ ማሚቶው ሦስት ጊዜ መለሰለት። የአሸዋውን ቆዳ ነገር እዚያው ቆሞ አስረዳ። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ኃላፊው እንባውን በመሐረብ ጠረገ። አማቱ መጥተው ግንባሩን ሳሙትና፣ "እኔ የገፈፍኩትን አንተ መለስከው" አሉት። በዚያው ቀን የክሎሪን ማደያ እንዲጨመር ተወሰነ፤ አሸዋው ቆዳውን እንደገና እስኪያወጣ ሰው ሁሉ አፍልቶ እንዲጠጣ ታወጀ። ሕዝቡም መሐንዲሱን በትከሻው ተሸክሞ...

"...በትከሻው ተሸክሞ መንደሩን ሦስት ጊዜ አዞረኝ!" አለ እጥፌ፣ ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ።

ሳሎኑ በሳቅና በጭብጨባ ሞላ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። እንግዶቹ የሚጢ የሥራ ጓደኞች ናቸው። ሚጢም ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሥራ የጀመረችበትን ምክንያት በማድረግ ነው ቤት የጠራቻቸው። ሶፋው አልበቃ ብሎ ገሚሱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል።

"ባርኔጣውን በተረከዝዎ?" አለ አንዱ ጎረምሳ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

"በግራ ተረከዜ! ካላመንክ ምስክር አለች። ሚጢ፣ ንገሪው እንጂ። የነበርሽው አንቺ ነሽ።"

ሚጢ ከጠረጴዛው ባዶ ብርጭቆዎችን እየሰበሰበች ነበር። አላቆመችም።

"መድረክ አልነበረም፣ አባዬ" አለች በቀስታ። "ሳር ላይ ነበር የቆምነው።"

"እሺ፣ ሳር ይሁን! ሳር ላይ በአንድ እግሬ..."

"አልዘለልክም።" ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች። ድምፏ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ በሽተኛን ስታናግር እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። "አጥሩ ጋ ቆመህ ነበር። ሽቦውን በሁለት እጅህ ይዘህ። ባዶ እግርህን። አየሁህ። አፍህ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሰላም የምትለኝ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩልህ።"

ጎረምሳው ገና ፈገግ እንዳለ ነበር፤ ፈገግታውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

"ከዚያ እንዳስተማርከኝ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ጥርት ያለ ነበር። ጠጣሁት።"

መሐንዲሱ ዘርግቶት የነበረውን እጁን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

"ሌላ ማንም አልጠጣም" አለች ሚጢ። "አያቴ ዞር ብላ አንተን አየችህ። ምን ሆንክ አላለችህም። ፊትህን ብቻ አይታ ጆጉን ከኃላፊው እጅ ቀማችና ሳሩ ላይ ደፋችው። ከዚያ ባልዲውን። ከዚያ ቦኖው ላይ ተቀመጠችበት፤ ማንም እንዳይቀዳ።"

 

አባቷ አጠገብ መጥታ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች።

"ያንን ሳምንት በሙሉ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። አንተ ከአልጋዬ ጎን፣ ያቺ እግሯ የተሰበረ በርጩማ ላይ። የፈላ ውሃ በማንኪያ ነበር የምታጠጣኝ። እያንዳንዷን ማንኪያ ወደ መስኮቱ እያነሣህ፣ ግማሹ እየፈሰሰብኝ። አንዲት ቃል አልተናገርክም ያን ሳምንት። አንተ!" እጁን ያዘችው። "ለምንድነው እሱን የማታወራላቸው?"